ከፀጉር ሥር ገብቶ የግንባር አጥንት ዕጢን ማውጣት

ኦስቲዮማ ከአጥንት ላይ የሚነሳ፣ ራሱም ከበሰለ አጥንት የተሠራ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። በብዛት የሚወጣው በራስ ቅልና በፊት አጥንቶች ላይ ነው። ግንባር ላይ ሲወጣ ከሌላው የራስ ቅል ክፍል ይልቅ ቶሎ ይታያል። ፀጉር አይሸፍነውም፤ ቆዳውና አጥንቱም ስለሚቀራረቡ 3 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ እንኳ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጥላ ይጥላል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ፊቱን ሲታጠብ ወይም ሻሽ ሲያስር ጣቱ ሲያርፍበት ነው። መጀመሪያ ላይ ሽንብራ የሚያህል፣ ገጹ ለስላሳ፣ ሕመም የሌለው ጠጣር ነገር ነው። ቢገፉት አይንቀሳቀስም፤ ከላዩ ያለው ቆዳ ግን ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ዕጢው ከቆዳ ሳይሆን ከአጥንት የመነጨ መሆኑን የሚጠቁመው የመጀመሪያ ምልክት ይህ ነው።

በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ኦስቲዮማ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ጥቅጥቅ ካለ አጥንት ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ ከንጣቱና ከጥንካሬው የተነሣ የዝሆን ጥርስ ኦስቲዮማ ይባላል። ሁለተኛው ከላይ ስስ ቅርፊት፣ ከውስጥ ደግሞ መቅኔ የያዘ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አጥንት ነው። ሁለቱ የተቀላቀሉበትም ያጋጥማል። ለታካሚው ልዩነቱ ብዙም ትርጉም የለውም፤ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ግን አለው። የመጀመሪያው መሣሪያን ይፈታተናል፣ ሁለተኛው ይደማል።

መንስኤው እስካሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ቀድሞ የደረሰ ምትን፣ ሌሎች ሥር የሰደደ ኢንፌክሽንን፣ ሌሎች ደግሞ በፅንስነት ዘመን አጥንቱ ሲሠራ የተፈጠረን መዛነፍ ያነሳሉ። ብዙ ታካሚዎች በልጅነታቸው ወድቀው ግንባራቸውን የተመቱበትን ጊዜ ለሐኪም ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ልጅ ሆኖ ግንባሩን ያልተመታ ሰው ስለማይገኝ፣ ይህ ትዝታ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በርግጥ የሚታወቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። ኦስቲዮማ ወደ ካንሰርነት አይለወጥም። ዕድገቱም አዝጋሚ ነው፤ በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት የአየር ክፍተቶች ማለትም በሳይነሶች ውስጥ የተገኙ ኦስቲዮማዎች ክትትል ሲደረግባቸው በዓመት በአማካይ ከ2 ሚሊሜትር ያነሰ ዕድገት ታይቶባቸዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዓይን እየታየ ያደገ ጉብታ ስለዚህ ኦስቲዮማ ነው ተብሎ ሊተው አይገባም።

ቀዶ ጥገናው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የግንባርን አደረጃጀት ማወቅ ያስፈልጋል። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲኬድ መጀመሪያ ቆዳ፣ ቀጥሎ ስስ የስብ ንብርብር፣ ከዚያም ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሳውና ግንባርን የሚያሸበሽበው ጡንቻ ይገኛል። ከጡንቻው ሥር ልል የሆነ ንብርብር አለ፤ ቆዳው በአጥንቱ ላይ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች አጥንቱን ተጣብቆ የሚያለብሰው ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን አለ። አጥንቱ ራሱ ሦስት ክፍል አለው፤ ጠንካራ የውጭ ገጽ፣ መቅኔ ያለበት መካከለኛ ክፍል፣ ጠንካራ የውስጥ ገጽ። የሦስቱ ድምር ውፍረት በአዋቂ ሰው ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ከሰው ሰው ይለያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጎል ሽፋን ነው። ግንባር ላይ ወጥቶ የሚታየው ኦስቲዮማ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በውጭው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ይህም ቀዶ ጥገናውን ቀላል ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ዋናው ነው።

ለግንባርና ለራስ ቆዳ ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ከዓይን ጉድጓድ የላይኛው ጠርዝ ተነስተው ወደ ላይ፣ ወደ ፀጉሩ ይወጣሉ። ትልቁ ነርቭ ከአጥንቱ የሚወጣበት ስፍራ ከፊት መካከለኛ መስመር 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጎን ይርቃል፤ ትንሹ ደግሞ ወደ መካከል ቀረብ ይላል። ቅንድብን የሚያንቀሳቅሰው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ግን ከታች ሳይሆን ከጎን፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ተነስቶ በጆሮ ግንድ በኩል ወደ ቅንድቡ ጫፍ ያቀናል። የስሜት ነርቭ ቢጎዳ ቆዳው ይደነዝዛል። የእንቅስቃሴው ነርቭ ቢቆረጥ ግን ቅንድቡ ይወድቃል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ዕጢው ከለወጠው በላይ ፊትን ይለውጣል።

ግንባር ላይ ያለ ጉብታ ሁሉ ኦስቲዮማ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሊፖማ የሚባለው የስብ ዕጢ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ሊፖማ ለስላሳና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በጣት ይለያል፤ ግንባር ላይ ግን ከጡንቻው ሥር ስለሚቀመጥ ተወጥሮ ጠጣርና የማይንቀሳቀስ ይመስላል። ልምድ ያለው ሐኪምም ሊሳሳትበት ይችላል። በቆዳ ውስጥ የሚገኙ ከረጢቶች ከቆዳው ጋር አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በሶላት ወይም በስግደት ግንባራቸውን አዘውትረው መሬት በሚያስነኩ ሰዎች ላይ የሚታየው ጥቁረትና ውፍረትም የቆዳ እንጂ የአጥንት አይደለም፤ በዚህ ቀዶ ጥገናም አይነካም።

ከአጥንቱ ራሱ የሚነሱ ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ የተባለው ችግር መደበኛውን አጥንት በጭረት መሰል ሥጋና ባልበሰለ አጥንት ተክቶ አካባቢውን ያሰፋል እንጂ ጉብታ ብቻ አያወጣም። የአጥንት ሂማንጂዮማ ከደም ሥሮች የተሠራ ስለሆነ በመሮ ሲመታ በብዛት ሊደማ ይችላል። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ ከላዩ ያለውን አጥንት አወፍሮ፣ ዋናው ዕጢ ከውስጥ ሆኖ ሳለ ከውጭ ተራ ኦስቲዮማ ሊመስል ይችላል። ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ተነስቶ የተሰራጨ ካንሰርም የራስ ቅል ላይ ሊታይ ይችላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ይሠራ በነበረው በቀዶ ጥገና ሐኪሙ በፐርሲቫል ፖት ስም የሚጠራው የግንባር እብጠት ደግሞ ከሳይነስ ኢንፌክሽን የመጣ የአጥንት መመረዝ ነው፤ ያማል፣ ለስለስ ይላል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ያስከትላል። ይህኛው አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ ነው።

በልጆች ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። በአፍንጫ አናትና በግንባር መካከል፣ በትክክል በመሃል መስመር ላይ ያለ ጉብታ ደርሞይድ የሚባል ከረጢት ወይም ከራስ ቅል ውስጥ ገፍቶ የወጣ የአንጎል ሽፋን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከውስጥ ጋር መተላለፊያ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ምስል ሳይነሳ ምላጭ የነካው እንዲህ ያለ ጉብታ ለማጅራት ገትር በር ይከፍታል። የልጅን የመሃል ግንባር ጉብታ ያለ ምስል መቅደድም ሆነ በባህላዊ መንገድ መተኮስ ሊታሰብ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። መተኮስ በአዋቂም ቢሆን ከቆዳው አልፎ አጥንቱን አይለውጥም፤ ትቶት የሚሄደው ጠባሳ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በፊት የሚነሳው ሲቲ ስካን ቅንጦት አይደለም። ራጅ ጉብታው አጥንት መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ሲቲ ስካን ግን ከዚያ አልፎ ለቀዶ ጥገናው ወሳኝ የሆኑ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ዕጢው በውጭው ገጽ ላይ ብቻ ነው ወይስ መካከለኛውን ክፍል አልፏል? የውስጡ ገጽ ንጹሕ ነው? የግንባር ሳይነስ እስከ የት ይደርሳል፣ ከዕጢውስ ሥር ነው? የዝሆን ጥርስ ኦስቲዮማ በምስሉ ላይ ወጥ ነጭ ሆኖ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ደብዘዝ ያለ ግራጫ መልክ አለው። ሂማንጂዮማ ከመሃል ወደ ዳር የሚበተኑ ጨረሮች ያሳያል። ምስሉ አሻሚ ከሆነ ወይም ከአጥንቱ ሥር ያለው ነገር የሚያሳስብ ከሆነ ኤምአርአይ ይታከላል።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ምስሉ ሳይሆን ታካሚው የሚመልሰው። ኦስቲዮማው አንድ ነው ወይስ ብዙ? በተለይ በመንጋጋና በራስ ቅል ላይ ከአንድ በላይ ኦስቲዮማ ያለው፣ ከቆዳው ሥርም ከረጢቶች የሚወጡበት ሰው፣ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በአንጀት ካንሰር የሞተ ወይም የታመመ ካለ መጠየቅ አለበት። አሜሪካዊው የዘር ውርስ ተመራማሪ ኤልደን ጋርድነር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዩታ ግዛት ያጠናው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነበር። በ5ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤፒሲ የተባለ ጂን ሲበላሽ በትልቁ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ የሚባሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ እብጠቶች ይበቅላሉ፤ ሳይታከሙ ከቀሩ ካንሰር መሆናቸው አይቀሬ ነው ለማለት ይቻላል። የአጥንቱ ጉብታ ከፖሊፖቹ በዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ስለ መልኩ ብሎ ሐኪም ቤት የሄደ ወጣት ሕይወቱን የሚያተርፍ የአንጀት ምርመራ አግኝቶ ሊመለስ የሚችለው፣ ሐኪሙ ግንባሩን ብቻ ሳይሆን መንጋጋውንም ከዳሰሰና ስለ ቤተሰቡ ከጠየቀ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ምርመራው ኦስቲዮማ መሆኑን ካሳየ በኋላ መተውም አንድ ምርጫ ነው። የማያድግ፣ የማያም፣ ባለቤቱን የማያስጨንቅ ጉብታ በየጊዜው እየተለካ ሊቀመጥ ይችላል። ብዙዎች የሚያስወጡት ለመልካቸው ሲሉ ነው፤ ይህ እንደ ቀላል ምክንያት መታየት የለበትም። ሰው የሚያናግረው ሁሉ ዓይኑን ወደ ግንባሩ እንደሚጥል የሚሰማው ሰው ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ኮፍያ፣ ሄልሜት ወይም ጥብቅ ሻሽ ሲያደርጉ የሚያማቸው፣ ጉብታው ላይ ራስ ምታት የሚሰማቸው፣ ወይም ምርመራው አጥጋቢ መልስ ያልሰጣቸውም አሉ።

ቀድሞ የነበሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጉብታው በላይ ያለውን ቆዳ በቀጥታ መቅደድ ነው። አጭር፣ ግልጽና ርካሽ ነው፤ ግንባሩ ጥልቅ ሽብሽባት ባለው አዛውንት ላይ ቅዳጁ በሽብሽባቱ ውስጥ ተደብቆ መልካም ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ወጣት ግንባር ላይ ግን የሚታይ መስመር ይተዋል። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ጠባሳው ሊጠቁር፣ ኬሎይድ የሚባለው ከፍ ብሎ የሚያድግ ጠባሳም ሊወጣበት የሚችልበት ዕድል ከነጭ ይበልጣል። ያን ጊዜ አንድ ጉብታ በሌላ ጉብታ ተተካ ማለት ነው። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ላላቸው እናቶች ደግሞ ከመስቀሉ ላይ የሚያልፍ ቅዳጅ ሌላ ኪሳራ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው በፀጉር ውስጥ ቀዶ የግንባርን ቆዳ በሙሉ ወደ ታች መግለጥ ነው። ሁሉንም ነገር ያሳያል፤ ነገር ግን ይደማል፣ ከቅዳጁ በስተኋላ የራስ ቆዳን ለረጅም ጊዜ ያደነዝዛል፣ ጠባሳው ላይ ፀጉር ሊሳሳ ይችላል። ለ1 ሴንቲሜትር ዕጢ ይህን ያህል መክፈት የበዛ ነው።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ የተከፈተው በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የማየት ጥበብ ሲበስል ነው። ፍራንክፈርት ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ በ1806 እ.ኤ.አ. የሻማን ብርሃን በመስታወት እያዞረ ወደ ሰውነት ክፍተቶች የሚልክ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ችግሩ ለአንድ መቶ ዓመት ተኩል ብርሃኑ ደካማ፣ ምስሉም ድንግዝግዝ መሆኑ ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንዶስኮፕ በሚባለው የመመልከቻ ቱቦ ውስጥ ያሉትን ስስ ሌንሶች በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች ተክቶ ብርሃኑን እጅግ አበዛው፤ በጀርመን ቱትሊንገን ከተማ የነበረው የሕክምና መሣሪያ አምራች ካርል ሽቶርዝም ሐሳቡን ወደ ገበያ አወጣው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ እንደ ኒካኖር ኢሴና ሉዊስ ቫስኮኔዝ ያሉ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች የወረደ ቅንድብን ለማንሳት ኢንዶስኮፕን በፀጉር ውስጥ ባሉ ትንንሽ ቅዳጆች ማስገባት ጀመሩ። በዚያው መንገድ የግንባር ዕጢ ማውጣት እንደሚቻል ለመረዳት ጊዜ አልፈጀም። ዘዴው በኋላ በምሥራቅ እስያ፣ በተለይ በደቡብ ኮሪያ፣ ብዙ ጥናት የተጻፈበት ሆነ።

የሥራው ሂደት የሚጀምረው ከማደንዘዣው በፊት ነው። ታካሚው ቀና ብሎ እንደተቀመጠ የጉብታው ዙሪያ በማይጠፋ ቀለም ይከበባል። ይህን መርሳት ቀላል፣ ማረም ግን ከባድ ነው፤ የማደንዘዣ ፈሳሹ አካባቢውን ስለሚያሳብጠው ትንሽ ጉብታ ከመርፌው በኋላ በጣት አይገኝም። ፀጉር መላጨት አያስፈልግም፤ ቅዳጁ ያለበት መስመር ግራና ቀኝ ተከፍሎ ይታሰራል። አጭር ሥራ ከሆነና ታካሚው ከተረጋጋ የአካባቢ ማደንዘዣ ይበቃል። ሊዶኬይን ብዙውን ጊዜ ደም ሥር ከሚያጠብበው አድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ ይወጋል፤ ከዚያ ሐኪሙ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለበት። እዚህ ላይ የሚታየው ትዕግሥት በኋላ በስክሪኑ ላይ ይከፍላል፤ በጠባብ ቦታ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ደም ሌንሱን ሸፍኖ ሥራውን ያስቆማልና።

ቅዳጁ ከፀጉሩ መነሻ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ርዝመት ይሠራል። አቅጣጫው ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ነርቮቹም በዚያው አቅጣጫ ስለሚሄዱ የመቆረጥ ዕድላቸው ይቀንሳል። ምላጩ ከፀጉር ሥሮቹ ጋር ትይዩ ሆኖ ዘንበል ይላል፤ ቀጥ ብሎ ከገባ ሥሮቹን ቆርጦ ራሰ በራ መስመር ይተዋል። ለዓመታት ፀጉራቸውን አጥብቀው ሹሩባ የተሠሩ ሴቶች የፀጉራቸው ዳር ሊሳሳና ወደ ኋላ ሊሸሽ ስለሚችል፣ ቅዳጁ ፀጉሩ በርግጥ ከሚበዛበት ስፍራ መጀመር ይኖርበታል። አንዳንዱ ሐኪም አንድ ቅዳጅ ብቻ ይጠቀማል፤ ሌላው አንዱን ለካሜራ፣ ሁለተኛውን ለመሣሪያ ይከፍታል።

ከዚህ በኋላ ጠፍጣፋ መሣሪያ በቅዳጁ ገብቶ የአጥንቱን ሽፋን ከአጥንቱ እየፈለቀቀ ወደ ጉብታው ይወርዳል። ሽፋኑ ከላይ፣ አጥንቱ ከታች ሆነው የሚከፈተው ኪስ ደም ሥርም ነርቭም የሌለበት ለማለት የሚቻል ንጹሕ መንገድ ነው። 4 ሚሊሜትር ውፍረትና 30 ዲግሪ ያዘነበለ እይታ ያለው ኢንዶስኮፕ ቆዳውን ወደ ላይ ከሚይዝ ማንሻ ጋር ሆኖ ይገባል። በስክሪኑ ላይ የግንባር አጥንት ወደ ቢጫ የሚያደላ ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ ኦስቲዮማው በላዩ ነጣ ብሎ፣ አንዳንዴም ዙሪያው ላይ ስስ ጎድጓዳ መስመር ይዞ ይነሳል። ያ መስመር ለሐኪሙ ትልቅ ዕድል ነው፤ ዕጢውና ጤናማው አጥንት የሚለያዩበትን ወለል ያሳየዋልና።

ወለሉ ካለ ጠባብ መሮ ከዕጢው ሥር፣ ከአጥንቱ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጥና በመዶሻ መታ መታ ይደረጋል። መሮው ወደ ታች ካዘነበለ ወደ ውስጠኛው ገጽ ያመራል፤ ወደ ላይ ካዘነበለ ቆዳውን ያገኛል። በአካባቢ ማደንዘዣ ያለ ታካሚ ሕመም ባይሰማውም የእያንዳንዱ ምት ድምፅ በራስ ቅሉ ውስጥ ያስተጋባል፤ ከመጀመሪያው ምት በፊት ይህን ያልነገሩት ሰው ይደነግጣል፣ ይንቀሳቀሳልም። ብዙ ጊዜ ዕጢው አንድ ሆኖ ተላቆ በቅዳጁ ይወጣል። ከቅዳጁ የሚሰፋ ከሆነ እዚያው ተሰባብሮ ይወጣል። ሥሩ ሰፊ የሆነ ወይም መሮ የማይበግረው ኦስቲዮማ ግን በሚሽከረከር መፍጫ ቀስ በቀስ እየተፈጨ ይወርዳል። መፍጫው ሙቀት ይፈጥራል፤ አጥንት ለ1 ደቂቃ ከ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ሕዋሳቱ መጎዳት ስለሚጀምሩ የጨው ውሃ ያለማቋረጥ ይፈስበታል። በቅርብ ዓመታት በአልትራሳውንድ ንዝረት የሚሠሩ፣ አጥንትን እየቆረጡ ለስላሳውን ሥጋ እምብዛም የማይጎዱ መሣሪያዎችም ገብተዋል።

መጨረሻ ላይ ገጹ በሞረድ ይስተካከላል። ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ አንስቶ ከውጭ፣ በቆዳው ላይ፣ በእርጥብ ጣቱ ይዳስሳል፤ ካሜራ የማያሳየውን ጠርዝ ጣት ያገኘዋል። ስብርባሪውና የአጥንት ብናኙ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ከተረፈ ከቆዳው ሥር የሚጎረብጥ ነገር ሆኖ ይቀራል። ቅዳጁ በክር ወይም በብረት ስቴፕል ይዘጋል፣ ግንባሩም በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሁሉም ነገር ከተቃና ሥራው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሰዓት አይበልጥም፤ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የዘዴው ፍሬ ነገር ካሜራው ነው ብሎ ማሰብ ያሳስታል። ፍሬ ነገሩ መግቢያውን ከጉብታው ማራቅ ነው፤ ካሜራው የሚያስፈልገው ከርቀት ለማየት ነው። ስለዚህ ኢንዶስኮፕ በሌለበት ሆስፒታል፣ ጉብታው ከፀጉሩ መነሻ ብዙም ካልራቀ፣ በፀጉር ውስጥ ወይም በፀጉሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ረዘም ያለ ቅዳጅ ከፍቶ፣ ቆዳውን በማንሻ ይዞና በግንባር መብራት አይቶ ያንኑ ሥራ መሥራት ይቻላል። ይህ መንገድ መሣሪያ ውድ በሆነበት አገር ከሚገባው በታች ይታሰባል። በጉብታው ላይ በቀጥታ መቅደድና በውድ መሣሪያ መሥራት ብቻ እንደ አማራጭ ሲቀርቡ ተጎጂው ታካሚው ነው።

ዘዴው የማይመችባቸው ሁኔታዎችም ግልጽ ናቸው። መሣሪያዎቹ ቀጥ ያሉና የማይተጣጠፉ ናቸው፤ ግንባሩ ወደ ውጭ በጣም ከቀስተ ወይም ጉብታው ቅንድብ አጠገብ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ጫፋቸው አይደርስበትም። ለዝቅተኛው ጉብታ በላይኛው የዓይን ቆብ እጥፋት በኩል መግባት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ጠባሳው ዓይን ሲከፈት በእጥፋቱ ውስጥ ይጠፋል። ፀጉሩ የተመለጠ ሰው ቅዳጁን የሚደብቅለት ነገር የለም። ወደ ጆሮ ግንድ ያደላ ጉብታ የቅንድቡን ነርቭ አደጋ ላይ ይጥላል። ከውጩ ገጽ አልፎ ወደ ውስጥ የዘለቀ ዕጢ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይመጥንም፤ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ያስፈልገዋል።

በሳይነሱ ውስጥ የሚበቅለው ኦስቲዮማ በዚህ መንገድ አይደረስበትም። ከውጭ አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ለሌላ ምክንያት በተነሳ ሲቲ ስካን ላይ ይገኛል፤ የሳይነሶቻቸውን ምስል ካስነሱ 100 ሰዎች መካከል በ3ቱ ገደማ ይታያል። ትንሽና ጸጥ ያለ ከሆነ ይተዋል። የሳይነሱን መውረጃ ከዘጋ፣ ፈሳሽ ካጠራቀመ ወይም ዓይንን ከገፋ ግን የአንገት በላይ ሐኪሞች በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ኢንዶስኮፕ አስገብተው የሁለቱን የግንባር ሳይነሶች ወለል አንድ ላይ በመክፈት ያወጡታል። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ድራፍ በ1991 እ.ኤ.አ. በደረጃ ከፋፍሎ ያቀረባቸው የመክፈቻ ዘዴዎች ለዚህ ሥራ መሠረት ሆነዋል። ወደ ሳይነሱ ሩቅ ጎን ያለው ዕጢ ግን ዛሬም ከውጭ በኩል መክፈትን ሊጠይቅ ይችላል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት 2 ወይም 3 ቀናት እብጠቱና የበለዘው ደም ወደ ታች ወርዶ የዓይን ቆብን ሊያጠቁር ይችላል። አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ዓይኑ የተጎዳ ይመስለዋል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ጭንቅላትን ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል። ፋሻው ከ1 እስከ 2 ቀን በኋላ፣ ስፌቱ ወይም ስቴፕሉ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ቅዳጁ አካባቢና ከኋላው መደንዘዝ ወይም ማሳከክ የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ደም መቋጠር፣ ኢንፌክሽን፣ በቅዳጁ ላይ ፀጉር መሳሳት፣ ያልተስተካከለ ገጽ መቅረት ያጋጥማሉ፤ ብዙ አይደሉም። ግንባሩ በድንገት ተወጥሮ የሚያም ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቅንድብ አልነሳ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመለስ ያስፈልጋል።

የወጣው አጥንት፣ ተሰባብሮም ቢሆን፣ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። ምስሉ ኦስቲዮማ ቢልም ማረጋገጫው የሕዋስ ምርመራው ነው፤ አጥንቱ በአሲድ መለስለስ ስላለበት ውጤቱ ከለስላሳ ሥጋ ናሙና ዘግይቶ ይደርሳል። ከሥሩ በደንብ የተስተካከለ ኦስቲዮማ ተመልሶ የሚያድገው አልፎ አልፎ ነው። ከተመለሰም ቀስ እያለ ስለሆነ፣ ታካሚው በዓመት አንዴ ቦታውን በጣቱ እንዲዳስስና ለውጥ ካየ እንዲመለስ ይነገረዋል፤ ኦስቲዮማው ከአንድ በላይ የሆነበት ሰው ግን ክትትሉ ከአንጀት ሐኪም ጋር ይቀጥላል።